ሲኒማ ቤት ሲዘጋ የሚጠፋው ምንድን ነው?

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከሲኒማ ቤት በፊት ነበረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኤፕሪል 1894 የቶማስ ኤዲሰን ኪኔቶስኮፕ ኒው ዮርክ ውስጥ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ከወገብ ከፍ የሚል የእንጨት ሣጥን ነበር። ተመልካቹ ሣንቲሙን ከፍሎ ጎንበስ ይላል፤ ዓይኑን በጠባቧ ቀዳዳ ላይ ያደርግና አንድ ደቂቃ የማይሞላ ምስል ለብቻው አይቶ ይሄዳል። ሃያ ወር ቆይቶ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1895፣ የሉሚየር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ በግራን ካፌ ምድር ቤት ሠላሳ ሦስት ያህል ሰዎችን አንዳንድ ፍራንክ አስከፍለው ምስሉን ሸራ ላይ ጣሉት። ዓለም የሲኒማ ልደት ብሎ የሚያስታውሰው ይህን ሁለተኛውን ቀን ነው። የሚንቀሳቀስ ሥዕል ቀድሞም ታይቷል፤ አዲሱ ነገር አብሮ ማየቱ ነበር።

ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ወይም አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ ፊልም የሚያይ ሰው፣ ሳያውቀው ወደ ኤዲሰን ሣጥን ተመልሷል። ሣጥኑ አንሷል፣ ምስሉ ጠርቷል፣ የሚታየውም ማለቂያ የለውም፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቀዳዳ ግን ያው የአንድ ሰው ነው። ፊልም ራሱ አልሞተም፤ እንዲያውም እንደ ዛሬ በብዛት ተሠርቶ አያውቅም። እየመነመነ ያለው የሉሚየሮቹ ድርሻ፣ ማለትም አዳራሹ ነው። የሲኒማ ቤት መዳከም ሊታዘንለት የሚገባ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ሁለቱ ነገሮች ተለይተው ሲታዩ ነው።

አዳራሹ በገነነበት ዘመን ስፋቱ ዛሬ ለማመን ይከብዳል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1946 ብቻ ከ1.6 ቢሊዮን በላይ ትኬት ተሸጧል። የአገሪቱ ሕዝብ ያኔ 50 ሚሊዮን አይሞላም ነበር፤ ሕፃን ሽማግሌው ተቆጥሮ አንድ ሰው በአማካይ በዓመት ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሲኒማ ገባ ማለት ነው። የሚገባውም ለፊልሙ ብቻ አልነበረም። የዓለም ዜና በምስል የሚታየው እዚያ ነበር፤ የከሰል እጥረት ባለበት ክረምት ሙቀት የሚገኘውም እዚያው ነበር፤ ወጣቶች ከቤተሰብ ዓይን ርቀው የሚገናኙትም እዚያ ነው። ከዚያ ቴሌቪዥን ወደ ቤት ገባ፤ ቆይቶ የቪዲዮ ማጫወቻ ተከተለው። በ1984 በዚያችው አገር የተሸጠው ትኬት 54 ሚሊዮን ብቻ ሆነ፤ ከሠላሳ አንዱ እጅ ነው። አዳራሾቹ ቢንጎ መጫወቻና መጋዘን ሆኑ፤ ብዙዎቹም ፈረሱ። ሲኒማ ቤት አበቃለት ተብሎ በየጋዜጣው ተጻፈ።

ግን አላበቃለትም። በ1985 ሚልተን ኪንስ በምትባል አዲስ ከተማ አሥር ማሳያ ክፍሎች ያሉት ሲኒማ ተከፈተ፤ ተመሳሳዮቹም ተከታተሉ። በ2018 የብሪታንያ ተመልካች ወደ 177 ሚሊዮን ደረሰ፤ የ1984ቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዛሬው ጊዜ ሐዘን ለመቀመጥ የሚቸኩል ሰው ይህን ታሪክ ማስታወስ አለበት። ሌላውን ግማሽም እንዲሁ ማስታወስ ይገባዋል፤ የተመለሰው ሲኒማ የሄደው ሲኒማ አልነበረም። ሰው በእግሩ የሚሄድበት፣ ባለቤቱን በስም የሚያውቀው የሰፈር አዳራሽ እንደወጣ ቀረ። በምትኩ የመጣው መኪና ማቆሚያ ያለው፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ከገበያ ማዕከል ጋር የተሠራ ሕንፃ ነው። መኪና የሌለው፣ አቅመ ደካማውና ልጅ የያዘችው እናት በዚያ መመለስ ውስጥ አልተቆጠሩም።

የአሁኑ መዳከም ከቀድሞው የሚለየው ፊልም ከአዳራሽ ወደ ቤት እስኪገባ ያለው ጊዜ በመጥበቡ ነው። በቴሌቪዥኑም ሆነ በቪዲዮው ዘመን አዲስ ፊልም መጀመሪያ ለሲኒማ ቤት ይሰጥ ነበር፤ ቤት የሚገባው ከወራት በኋላ ነው። በአሜሪካ ይህ የጥበቃ ጊዜ ለረጅም ዓመታት ወደ ሦስት ወር ገደማ ነበር። ሲኒማ ቤቱ የሚሸጠው በአንድ በኩል ፊልሙን፣ በሌላ በኩል ቀድሞ የማየትን መብት ነበር። ኔትፍሊክስ በ2007 ፊልም በኢንተርኔት ማሳየት ከጀመረ ወዲህ አብዛኞቹ ትልልቅ ፊልም ሠሪ ኩባንያዎች የየራሳቸውን የቤት አገልግሎት ከፈቱ፤ ለራሳቸው ሱቅ የሚሆነውን ዕቃ ለሌላ አዳራሽ ለወራት አቆይቶ መስጠት ትርፉ አልታያቸውም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ አዳራሾቹን ሲዘጋ ፊልም ሠሪው ዩኒቨርሳል ከትልቁ የሲኒማ ቤቶች ድርጅት ከኤኤምሲ ጋር የጥበቃውን ጊዜ እስከ 17 ቀን የሚያወርድ ስምምነት ተፈራረመ። ተመልካቹ የሚያደርገው ስሌት ግልጽ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ከታገሠ ቤተሰቡን ሙሉ በአንድ ክፍያ ሳሎኑ ውስጥ ያሳያል።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ2002 ወደ 1.6 ቢሊዮን የሚጠጋ ትኬት ተሸጧል፤ በ2019 ወደ 1.2 ቢሊዮን ወርዷል። ስለዚህ መውረዱ ከወረርሽኙ በፊት የጀመረ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም፣ «ባርቢ»ና «ኦፐንሃይመር» በአንድ ቀን ወጥተው አዳራሹን ሁሉ በሞሉበት በ2023፣ ድምሩ ከ800 ሚሊዮን ብዙ አልራቀም።

ትንንሾቹን አዳራሾች የጎዳ ሌላ ብዙም ያልተወራለት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. እስከ 2010 አካባቢ ድረስ ፊልም የሚታየው በ35 ሚሊ ሜትር ጥቅል ነበር። በደንብ የተያዘ ማሳያ ማሽን አርባ ሃምሳ ዓመት ያገለግላል፤ ሲበላሽም ባለሙያው ፈትቶ ይሠራዋል። ኩባንያዎቹ ጥቅል ማባዛት አቁመው ወደ ዲጂታል ሲዞሩ እያንዳንዱ አዳራሽ በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር አዲስ ማሽን እንዲገዛ ተገደደ፤ ማሽኑም እንደ ኮምፒዩተር ቶሎ የሚያረጅ ነው። ባለ ብዙ ክፍሉ ድርጅት ይህን ቻለ። ባለ አንድ አዳራሹ የገጠር ከተማ ሲኒማ ቤት ግን አቅሙ አልፈቀደለትም፤ ከትኬቱ ገቢ ብዙውን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከግማሽ የሚበልጠውን፣ ለፊልሙ አከፋፋይ ስለሚሰጥ ለራሱ የሚተርፈው በአመዛኙ የፈንዲሻና የለስላሳ መጠጥ ትርፍ ነበርና።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማያስለቅሰውን መለየት ያስፈልጋል። ድሮ የተባለው ሁሉ መልካም አልነበረም። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ጥቁሮች በጎን በር ገብተው ፎቅ ላይ ለብቻቸው እንዲቀመጡ ይደረግ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን በአዲስ አበባም በአስመራም ሲኒማ ቤቶችን በቀለም ለይቶ ነበር። «ሁሉም በአንድ ጨለማ እኩል ነው» የሚለው ውብ ሐሳብ በብዙ ቦታ ውሸት ነበር። ትልልቆቹ የሆሊዉድ ኩባንያዎችም ፊልሙንም አዳራሹንም አንድ ላይ ይዘው፣ አዳራሹ የሚያሳየውን ሳይመርጥ እንዲቀበል ያስገድዱ ነበር፤ ያን ያቆመው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1948 የሰጠው ውሳኔ ነው።

በዛሬውም ዘመን የቤት ፊልም ያመጣው በረከት ትንሽ አይደለም። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ በስልኳ የአማርኛ ፊልም ማየት ትችላለች፤ ከዚህ በፊት የነበረ ሲኒማ ቤት ሁሉ ለእሷ ምንም አላደረገላትም። በዊልቸር የሚሄድ፣ ጆሮው የማይሰማና ጽሑፍ ከሥር የሚፈልግ፣ ከከተማ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሁሉ አግኝቷል እንጂ አላጣም። ለእነዚህ ሰዎች የሲኒማ ቤት መዘጋት የሌላ ሰው ሐዘን ነው። ይህ መባል አለበት።

የሚያስለቅሰው ግን አለ። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ፊልሙን ማቆም አይችልም፤ ወደ ኋላ መመለስም ማለፍም አይችልም። ይህ ዛሬ እንደ ጉድለት ቢታይም የፊልም ጥበብ የቆመበት መሠረት ነው። ዳይሬክተሩ ረጅም ዝምታ የሚያስገባው፣ አንድን ፊት ለአንድ ደቂቃ ሙሉ የሚያሳየው፣ በሰፊ ሜዳ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ሰው የሚያስቀምጠው ተመልካቹ እንደማይሄድበት አምኖ ነው። ስልክ በእጁ የያዘ ተመልካች ያን ዝምታ በጣቱ ያልፈዋል፤ በጥግ ያለችውን ሰው ከነጭራሹ አያያትም። ይህን የሚያውቅ ፊልም ሠሪም ዝምታውን ማስገባት ያቆማል። የአዳራሹ መዘጋት ስለዚህ ፊልሙ የሚታይበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ፊልሙ የሚሠራበትንም መንገድ ይለውጣል።

ሁለተኛው የሚያስለቅስ ነገር ከጎን የሚቀመጠውን የማይታወቅ ሰው ማጣት ነው። በሳቅ ላይ ብዙ ዓመት የሠራው አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፕሮቫይን፣ ተማሪዎች የዕለት ውሏቸውን መዝግበው እንዲያመጡ ባደረገበት ጥናት፣ ሰው ከሌላ ሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚሆንበት ሠላሳ እጥፍ እንደሚስቅ አግኝቷል። ልዩነቱ ከቀልዱ ሳይሆን ከአጠገብ ካለው ሰው የመጣ ነው። ለቅሶም እንዲሁ ነው፤ ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ብቻውን የሚያለቅስ ሰው እንዳለ ሲሰማ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ የሚሄደው፣ እንባ ሰው መሐል ሌላ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ነው። ሲኒማ ቤት በዘመናዊ ከተማ ውስጥ ዘመድ ያልሆኑ፣ በእምነትም በሰፈርም የማይገናኙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚደነግጡበትና የሚስቁበት ቦታ ነበር። ስታዲየም ሌላው ነው፤ እዚያ ግን ሰው የሚገባው ጎራ ለይቶ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ታሪክ አጀማመር ከስሙ ይታወቃል። በአዲስ አበባ፣ ዛሬ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚባለው አካባቢ፣ ፊልም ማሳያ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው፤ ሥጋና ደም የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲራመድ ሌላ ምን ሊባል ይችላል። በጣሊያን ወረራ ዓመታት የአዳራሽ ግንባታው ሰፋ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ሕንፃ ራሱ ጣሊያኖቹ «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ነው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ሃያ አምስተኛ ዓመት የዘውድ በዓል ተስተካክሎ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተመረቀ። ፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር፣ መርካቶ ሲኒማ ራስ፣ ወደ ታች ደግሞ አምባሳደር ለከተማው ወጣት የሳምንት መጨረሻ መድረሻ ሆኑ። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሒሩት አባቷ ማን ነው?» ተመልካቹን በራሱ ቋንቋ ከሚናገር ሙሉ ፊልም ጋር አገናኘው። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሲኒማ ቤቶቹ ተወርሰው በመንግሥት እጅ ገቡ።

ከአዲስ አበባና ከጥቂት ትልልቅ ከተሞች ውጭ ለነበረው ሕዝብ ግን ሲኒማ ቤት ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ የተደረደሩ አግዳሚዎች፣ በር ላይ ሣንቲም የሚቀበል ልጅ። ምስሉ ትንሽና የደበዘዘ፣ ፊልሙም ብዙ ጊዜ የህንድ ወይም የካራቴ ነበር። ሆኖም ከሁሉ በተሻለ ነገሩን የሚያስረዳው ይህ ጠባብ ክፍል ነው። ትልቅ ሸራ አልነበረውም፣ ምቹ ወንበርና ጥሩ ድምፅ አልነበረውም፤ የነበረው አብሮ ማየት ብቻ ነው፤ በዚያ ትውልድ ትዝታ ውስጥ የቀረውም እሱ ነው። ሲኒማ ቤትን ሲኒማ ቤት የሚያደርገው የማሽኑ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ቪዲዮ ቤት አይታወስም ነበር።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ አዳራሾቹ አዲስ ዕድል አገኙ። ፊልም ሠሪዎች በውድ ጥቅል ፋንታ በቪዲዮ ካሜራ ቀርጸው በፕሮጀክተር ማሳየት ጀመሩ። የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»ን የመሰሉ ፊልሞች ሰልፍ አስያዙ። ለረጅም ዓመታት የውጭ ፊልም ብቻ ያሳዩ የነበሩ አዳራሾች የአማርኛ ፊልም የሳምንት ፕሮግራማቸው አደረጉ፤ ሴባስቶፖል፣ ዓለም ሲኒማና የኤድና ሞሉ ማቲ ሲኒማ ተጨመሩ። «ምርቃት» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። አማርኛ አዲስ ፊልም «ታየ» አይልም፣ «ተመረቀ» ይላል፤ እንደ ቤት፣ እንደ ድልድይ፣ ሕዝብ ቆሞ የሚመሰክርለት ነገር አድርጎ ማለት ነው።

ይህ ዕድገት የቆመው በትኬት ነበር። አምራቹና ሲኒማ ቤቱ ገቢውን ይካፈላሉ። ፊልሙ በሲዲ የወጣ ዕለት መንገድ ላይ ተባዝቶ እንደሚሸጥ ስለሚታወቅ፣ አምራቹ ወጪውን የሚመልሰው ፊልሙ ተቆልፎ በአዳራሽ ውስጥ በሚቆይባቸው ወራት ነው። አዳራሹ በሌላ አነጋገር የአማርኛ ፊልም ባንክም ካዝናም ነበር። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ ድምፅ የተተኩ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ምሽቱን ወሰደው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መሰብሰብን ሲያስከለክል ካዝናው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በክፍያ ቴሌቪዥን የአማርኛ ቻናሎች መጡ፤ ፊልሙም እየበዛ በቀጥታ ወደ ዩቲዩብ ሄደ።

የገንዘቡ ምንጭ ሲለወጥ የሚለወጠው ብዙ ነው። በትኬት ዘመን መርካቶ ላይ ትኬት የገዛ ወጣትና ቦሌ ላይ የገዛው እያንዳንዳቸው አንድ ድምፅ ነበራቸው። በዩቲዩብ ገቢው ከማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ አሜሪካ ባለ ተመልካች ላይ ውድ፣ ኢትዮጵያ ባለው ላይ ርካሽ ነው። ዋሽንግተን ሆኖ የሚያይ አንድ ሰው ደብረ ብርሃን ሆነው ከሚያዩ ብዙ ሰዎች የበለጠ ያስገኛል። ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም የሚፈልጉት ተመልካቹን በየሳምንቱ የሚመልስ ተከታታይ ድራማ እንጂ በአንድ ምሽት ተጀምሮ የሚያልቅ ታሪክ አይደለም። ድራማው በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ብዙ ተዋናይና ደራሲ እንጀራውን የሚበላው በእሱ ነው። ነገር ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቀው፣ ተመልካቹን ዝም አሰኝቶ ወደ መንገድ የሚያስወጣው ዓይነት ፊልም ከፋይ እያጣ ነው። ሊታዘንለት የሚገባው ይህ ነው፤ ሐዘኑንም የሚያከብደው የአማርኛ ፊልም ገና በአዳራሽ ውስጥ ራሱን መፈለግ በጀመረበት ሰዓት መሆኑ ነው።

አዳራሽ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የኃይሌ ገሪማ ታሪክ ያሳያል። ስለ ባርነት የሠራው «ሳንኮፋ» በ1993 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም። ኃይሌ አዳራሽ በራሱ ተከራየ፤ በየከተማው የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰቦች ትኬት በመሸጥ አገዙት፤ ፊልሙ ዋሽንግተን ላይ ለሳምንታት ታየ። ሰዎች ፊልሙ ሲያልቅ አይሄዱም ነበር፤ ቆመው ይወያያሉ። በገቢውም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በፊልሙ ስም የሚጠራው የመጻሕፍት መደብር ተከፈተ፤ እስካሁንም መሰብሰቢያ ነው። ያ ፊልም በዛሬው መንገድ በአንድ አገልግሎት ዝርዝር ውስጥ ከሺህ ፊልሞች መካከል ቢወጣ ብዙ ሰው ሊያየው ይችል ነበር፤ መደብሩና ውይይቱ ግን አይፈጠሩም ነበር።

አዳራሽ በሁሉም ቦታ በእኩል ፍጥነት አልተዳከመም። ሳዑዲ ዓረቢያ ለሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ዘግታ የነበረውን ሲኒማ በኤፕሪል 2018 ስትከፍት ሕዝቡ በስልኩ ሁሉንም ፊልም ማየት የሚችልበት ጊዜ ነበር፤ ያም ሆኖ ወደ አዳራሹ ጎረፈ። ፈረንሳይ ከእያንዳንዱ ትኬት 10.72 በመቶ እየቀነሰች ለፊልም ሥራና ለአዳራሾች እድሳት ታውላለች፤ ከቴሌቪዥንና ከኢንተርኔት አገልግሎቶችም ታስከፍላለች፤ ፊልም ከአዳራሽ ወደ ቤት የሚገባበትንም ጊዜ ትወስናለች። በ2019 እ.ኤ.አ. 213 ሚሊዮን የነበረው ተመልካቿ በ2024 ወደ 181 ሚሊዮን ነበር፤ ከአሜሪካው ጋር ሲነጻጸር መውረዱ ቀላል ነበር። አስመራ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ናት። በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሲኒማ ኢምፔሮ ከከተማው ጋር በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቅርስነቱ የሚጠብቀው ግን ሕንፃውን እንጂ በውስጡ የሚሰበሰበውን ሰው አይደለም።

በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች የሚዘጋ ሲኒማ ቤት እንኳ አልነበረም። የሐዘኑ ጉዳይ ስለዚህ ለጎንደር ወይም ለአዲስ አበባ እንጂ ለሌላው አይደለም ሊባል ይችል ይሆናል። ነገር ግን በሀብታም አገር የትንሹን አዳራሽ በር የዘጋው ዲጂታል ማሽን፣ በኢትዮጵያ ከሃያ ዓመት በፊት በተቃራኒው በር የከፈተ ነው፤ አንድ የቪዲዮ ፕሮጀክተርና አንድ ነጭ ግድግዳ ለአማርኛ ፊልም አዳራሽ ሆነዋል። በየከተማው የስብሰባ አዳራሽ አለ፤ አብዛኛውን ምሽት ጨለማ ነው። ለአንድ ምሽት ወንበሩን ለመሙላት ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከዩቲዩብ በፊት ለጥቂት ሳምንት ለአዳራሽ ብቻ የሚሰጥ ፊልም፣ ተማሪ የሚችለው የትኬት ዋጋ፣ ሴት ልጅ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ያለ ስጋት የምትመለስበት መንገድና በመሐል የማይጠፋ መብራት ነው።